ዕዳው የማን ነው? ስለ ፍልስፍናና ስለ ፖለቲካ ጥናት ዝምድና



ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ ለመስክ ልምምድ መጠይቅ ይዘው ወደ አንድ የገጠር ወረዳ ወጥተው ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በመንግሥት ላይ ያለዎት እምነት ምን ያህል ነው?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር የሚሞላ ነበር። አንድ አዛውንት ቁጥሩን ከመናገራቸው በፊት «የትኛውን መንግሥት ማለትህ ነው ልጄ? ቀበሌውን ነው? አዲስ አበባ ያለውን ነው? ወይስ ሀገሩን?» ብለው ጠየቁ። ተማሪው የሚመልሰው ቢያጣ «እንደገባዎት ይመልሱልኝ» አላቸው። እርሳቸውም «እንግዲያው 3 በል» አሉት። ያ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ፣ አማካይ ወጥቶለት፣ በሠንጠረዥ ተቀምጦ ወደ እኔ መጣ።

ስለ ፍልስፍናና ስለ ፖለቲካ ጥናት ዝምድና እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ ሠንጠረዥ ነው። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ናሙናውም በአግባቡ ተመርጧል። የጎደለው አዛውንቱ ያነሡትን ጥያቄ ከመስክ በፊት፣ ገና ከመነሻው መጠየቅ ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አሳብ አንድ ነው፦ የፖለቲካ ጥናት የሚቆጥረውና የሚያነጻጽረው ነገር ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ መቁጠር አይችልም፤ ይህን የሚጠይቀውም ፍልስፍና ነው። ፍልስፍናም በበኩሉ ሰዎች በእርግጥ ያደረጉትን ካልመረመረ መልሱ ባዶ ይሆናል። አሳቤን በአንድ የቆየ የገንዘብ ዕዳ ታሪክ አስረዳለሁ።

ዕዳው የአቴናውያን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ዓመት አቴና ከስፓርታ ጋር ባደረገችው ረጅም ጦርነት ተሸነፈች። በድል አድራጊዎቹ ድጋፍ «ሠላሳዎቹ» በመባል የሚታወቁ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። አገዛዛቸው ከአንድ ዓመት በታች ቢሆንም፣ በዚያ አጭር ጊዜ ከ1,500 የማያንሱ ዜጎችን እንደገደሉ ተጽፏል። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ስደተኞቹ በትራሲቡሎስ መሪነት ተመልሰው ፒሬዎስ የተባለውን ወደብ በያዙ ጊዜ፣ የጥቂቶቹ ወገን እነርሱን የሚወጋበትን ገንዘብ ከስፓርታ ተበደረ። መጠኑ 100 ታላንት እንደነበረ ይነገራል። አንድ ታላንት ወደ 26 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ብር ስለነበረ፣ ብድሩ ለዚያ ዘመን ከባድ ነበር።

በ403 የወደቡ ወገን አሸነፈ፤ ዴሞክራሲውም ተመለሰ። ሁለቱ ወገኖች ያለፈውን በደል እያነሡ ላይካሰሱ ተማማሉ። የዕዳው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስፓርታውያን መልእክተኛ ልከው ገንዘባቸውን ጠየቁ። በከተማይቱም ክርክር ተነሣ። ገሚሱ «የተበደሩት ይክፈሉ፤ እኛ የተወጋንበትን ገንዘብ ስለምን እንከፍላለን?» አለ። የዕርቁ ውል ራሱ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ዕዳ እንዲከፍል የሚያዝዝ ስለነበረ፣ ይህ ወገን ሕግም ነበረው። ገሚሱ ግን የአንድነታችን የመጀመሪያ ምልክት ዕዳውን በጋራ መክፈል ይሁን አለ። ሕዝቡ ሁለተኛውን መረጠ። የተሰደዱትና ወንድሞቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ለመገደያቸው የተበደረውን ገንዘብ አዋጥተው ከፈሉ።

ይህን ታሪክ ከምናውቅባቸው ምንጮች አንዱ «የአቴናውያን ሥርዐተ መንግሥት» የተባለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ለብዙ ምእተ ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ግብፅ ውስጥ በፓፒረስ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ፓፒረሱን ለብሪታንያ ሙዚየም የገዛው ዎሊስ ባጅ ነው፤ በሀገራችን ጥናት ክብረ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙ የምናውቀው ሰው ነው። ፍሬድሪክ ኬንዮን ምንነቱን ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1891 አሳተመው። የጥቅልሉ ፊት በመጀመሪያው ምእተ ዓመት የነበረ የአንድ እርሻ የገቢና የወጪ መዝገብ ነው። የአቴና ታሪክ የተገለበጠው በጀርባው ነው።

ጥንታውያን ጸሐፊዎች ይህን ጽሑፍ የአሪስቶትል ያደርጉታል። እርሱ ራሱ ጻፈው ወይስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ ከእርሱ ትምህርት ቤት መውጣቱ ግን ብዙ አያጠራጥርም። የሥራዎቹ ጥንታዊ ዝርዝር እንደሚለው፣ በዚያ ትምህርት ቤት የ158 ከተሞች ሥርዐተ መንግሥት ተሰብስቦ ነበር። ዛሬ በንጽጽር ፖለቲካ ክፍል የምናስተምረውን ሥራ በስፋት ሲሠራ የምናገኘው እንግዲህ ፈላስፋውን ነው። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው በትልቁ መጽሐፉ መጨረሻም አንባቢውን ወደዚህ ስብስብ ይመራዋል፤ ከተሞችን ምን እንደሚያጸናቸውና ምን እንደሚያፈርሳቸው ከተሰበሰቡት ሥርዐቶች እንመርምር ይላል። ስለ መልካም ሕይወት ከመጠየቅ ወደ መረጃ መሰብሰብ ሲሸጋገር የሥራ መስክ የለወጠ አይመስለውም።

አሁን ወደ ሌላው መጽሐፉ፣ ወደ «ፖለቲካ» እንለፍ። ሦስተኛውን ክፍል የሚጀምረው ከተማ ምንድን ናት፣ ዜጋስ ማን ነው ብሎ በመጠየቅ ነው። ጠያቂው ራሱ በአቴና ዜጋ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል፤ የስታጊራ ተወላጅ በመሆኑ በጉባኤ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ጥያቄውን ለምን እንደሚጠይቅ ሲያስረዳም የዕዳን ነገር ያነሣል። ጥቂቶች ወይም አንድ አምባገነን ይገዙት የነበረ ከተማ ወደ ዴሞክራሲ ሲለወጥ፣ አንዳንዶች «ያን ውል የገባው አምባገነኑ እንጂ ከተማው አይደለም» ብለው አንከፍልም ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው? ለዚህ መልስ ለመስጠት አንድ ድርጊት የከተማው የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ ከተማውስ ያው ከተማ ነው የምንለው በምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሪስቶትል የሚሰጠው መልስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ከተማን ያው ከተማ የሚያሰኘው ግንቡ አይደለም፤ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ዘርም አይደለም። ከተማ ዜጎች በአንድ ሥርዐተ መንግሥት የሚጋሩት ኅብረት ስለሆነ፣ ሥርዐቱ ሲለወጥ ከተማውም ሌላ ይሆናል ይላል። ለምሳሌ የሚያመጣው የቲያትር መዘምራንን ነው፤ ሰዎቹ እነዚያው ቢሆኑም የኀዘን ተውኔት መዘምራንና የሣቅ ተውኔት መዘምራን አንድ አይባሉም። ድምፆቹ እነዚያው ሳሉ ስልቱ ሲለወጥ ዜማው ሌላ እንደሚሆንም ያነሣል። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ አንዱ ማኅሌት የቆመ ካህን፣ በዚያው ድምፁ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲያዜም ዜማው አንድ እንዳልሆነ የሰማ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ከተማው ሌላ ከሆነ ዕዳውም ቀረ ማለት ነው? አንባቢ ይህን ሲጠብቅ፣ አሪስቶትል ሥርዐቱ ሲለወጥ መክፈል ፍትሕ ይሁን አይሁን ሌላ ጥያቄ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ አቴናውያን እንደ ከፈሉ ይናገራል፤ ያደረጉትንም ያመሰግናል። የፈላስፋው ፍቺ ደግሞ በቀጥታ ከተወሰደ ከፋዩ ከተበዳሪው የተለየ ከተማ ነበር ወደ ማለት ይወስዳል። መዝገቡ ብቻውን ሰዎች መክፈላቸውን ይነግረናል እንጂ መክፈል ይገባቸው እንደነበረ አይነግረንም። ፍቺው ብቻውን ደግሞ እነዚያ ሰዎች ባልተገደዱበት ነገር ስለምን እንደ ከፈሉ ማስረዳት አይችልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንድ ሦስተኛ ነገር ይታየናል፤ አቴናውያን የከፈሉት አንድ ከተማ ስለነበሩ ብቻ አልነበረም፤ በመክፈላቸው እንደገና አንድ ከተማ ይሆኑ ነበር። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ልትከራከሩት ትችላላችሁ። ለመከራከር ግን ሁለቱንም መጽሐፎች ማንበብ ይኖርባችኋል።

ጥያቄው በጥንት ዘመን አልቀረም። ሁጎ ግሮቲዩስ እ.ኤ.አ. በ1625 ስለ ጦርነትና ሰላም ሕግ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ይህንኑ የአሪስቶትል ክፍል አንሥቶ ይከራከረዋል። ለግሮቲዩስ ሕዝብ በነጻነት ቢኖርም፣ በንጉሥ ቢገዛም ያው ሕዝብ ስለሆነ ዕዳው አይጠፋም። ከእርሱ በኋላ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌቫያታን» ከገዢውም ከተገዢውም የሚለይ ሰው ሠራሽ ሰውነት አሰበ፤ ገዢ ይህን ሰውነት ይወክላል እንጂ ራሱ አይሆነውም። ዛሬ ስለ መንግሥት ግዴታ ስንናገር፣ ሚኒስትሮች ሲሻሩ ውሎች አይሻሩም ስንል፣ በዚህ አሳብ ላይ ቆመን ነው።

ተቃራኒው አቋምም ጠበቃ አላጣም። የሩሲያ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1918 መጀመሪያ የዛሩን መንግሥት ዕዳ ሰረዙ። ከዚያ በኋላ ትውልደ ሩሲያዊው የሕግ ሊቅ አሌክሳንደር ሳክ እ.ኤ.አ. በ1927 ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ መካከለኛ መንገድ አቀረበ። በጠቅላላው የመንግሥት ዕዳ ይተላለፋል ይላል፤ ነገር ግን ጨቋኝ አገዛዝ ለሀገር ጥቅም ሳይሆን ራሱን ለማጽናትና ሕዝቡን ለመምታት የተበደረው የአገዛዙ የግል ዕዳ ነው፤ አገዛዙ ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል። በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሠላሳዎቹ ብድር ከሁሉ አስቀድሞ መሰረዝ ነበረበት። የአቴና ተራ ዜጎች ግን ከፈሉ። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው? ይህን ጥያቄ በቁጥር ብቻ የሚመልስ ጥናት አላየሁም።

የእኛ ሙያ በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ወደ ጎን ለማድረግ ሞክሮ ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። «መንግሥት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሊቃውንት የሰጡት ፍቺ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ዴቪድ ኢስተን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን ትተን ስለ «ፖለቲካ ሥርዐት» ብንናገር ይሻላል አለ። ቢሄቪዮራሊስቶች የተባሉት ተመራማሪዎችም የሚታየውንና የሚለካውን፣ ማለትም የመራጩን ድምፅ፣ የዜጋውን አመለካከት፣ የምክር ቤቱን አሠራር ማጥናት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው ፒተር ላስሌት፣ ባዘጋጀው የጽሑፎች ስብስብ መግቢያ ላይ፣ የፖለቲካ ፍልስፍና ቢያንስ ለጊዜው እንደሞተ አወጀ።

ከቢሄቪዮራሊስቶች ብዙ ተምረናል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስታቲስቲክስን አጥብቀው እንዲይዙ እመክራለሁ። ነገር ግን ተሰናበተ የተባለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ኢስተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር፣ ሙያው ለዘመኑ ችግር ጀርባውን መስጠት እንደሌለበት አሳሰበ። ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ፍትሕ ያሳተመው መጽሐፍ ፍልስፍናው እንዳልሞተ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ቴዳ ስኮችፖልና ባልደረቦቿ፣ የተተወውን የመንግሥት ጽንሰ ሐሳብ ወደ ምርምር መልሰን እናስገባው የሚል መጽሐፍ አወጡ። ቃሉን መተው ነገሩን አላስቀረውም።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ ልመለስ። የአማርኛው «መንግሥት» ከግእዙ «ነግሠ» የወጣ ቃል ነው፤ መሠረቱ ንግሥና ነው። በዛሬ አነጋገራችን ግን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል፦ በሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች፣ የአገዛዙን ሥርዐት፣ እንዲሁም ሰዎቹም ሥርዐቱም ሲለወጡ ይቀጥላል የምንለውን አካል። ይህን የመጨረሻውን ለመለየት በቅርብ ዘመን «ሀገረ መንግሥት» የሚለው ስያሜ ተለምዷል፤ ይሁንና በመንደር ቋንቋ አልገባም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂልም የራሱ ፍልስፍና አለው። ሰውየውና ሥልጣኑ አንድ በሆኑበት አስተሳሰብ ዕዳን ከማን መጠየቅ እንደሚቻል አያስታውቅም።

«መንግሥት ተለወጠ» ስንል ከሦስቱ የትኛው ተለወጠ ማለታችን ነው? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1 ታገደ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሌላ ሥርዐት ወደቀ። በአሪስቶትል ፍቺ ከሄድን የተለያዩ ፖለቲካዊ ኅብረቶች ናቸው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንዳንድ ክፍሎቹ በሌላ ሕግ ቢተኩም፣ በሁለቱም ለውጦች አልፎ ዛሬም በፍርድ ቤቶቻችን ይሠራበታል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 394 መንግሥትን የሕግ ሰውነት ይሰጠዋል፤ የሆብስ አሳብ በእኛ ሕግ ቤት አግኝቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረኝ የአባቴ ጡረታ ነው። አባቴ መምህር ነበር። ሥራ የጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ በደርግ ዘመን አስተማረ፤ በኢሕአዴግ ዘመን ጡረታ ወጣ። እኔ በዚያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ፤ ያለፈው ሁሉ ተዘግቶ አዲስ ዘመን እንደተጀመረ ከልቤ አምን ነበር። ጡረታውን ያሰላው የቢሮ ሠራተኛ ግን ማኅደሩን ገልጦ፣ የአገልግሎት ዘመኑን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ አድርጎ ቆጠረው። በየትኛው መንግሥት ስንት ዓመት ብሎ አልጠየቀም። ያ ሠራተኛ ሳያውቀው ከአሪስቶትል ጋር ተከራክሮ የግሮቲዩስን ወገን ይዟል። አባቴም በዚያ ገንዘብ ኖረ።

ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ተጽናንተን እንዳናልፍ እሰጋለሁ። ጡረታን፣ ውልንና የመሬት ካርታን በተመለከተ መንግሥት አንድ ነው እንላለን። በቀድሞው ዘመን ስለተገደለው፣ ንብረቱ ስለተወረሰበት፣ ፍርድ ሳያገኝ ስለታሰረው ሰው ሲነሣ ግን «ያ የእነርሱ ሥራ ነው» ማለት ይቀናናል። ውርሱን ስንቀበል ግሮቲዩሳውያን ነን፤ ዕዳው ሲመጣ አሪስቶትልን እንጠቅሳለን። ሁለቱን አቋሞች በየተራ መያዝ ይቻል ይሆናል፤ ግን ምክንያቱን መናገር ግድ ይላል። ሳክ ምክንያቱን ለመናገር ሞክሯል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ አልሞከርንም። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚል ብሂል ያለው ሕዝብ፣ ብሂሉ ለመንግሥት ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ምን ያህል ሰው የደረሰበት በደል እንዳልተካሰ መመዝገብ የመስክ ተመራማሪው ሥራ ነው፤ ካሣውን ማን ይከፍላል የሚለውን ግን መዝገቡ ብቻውን አይወስንም።

በየዓመቱ ከተማሪዎቼ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ፦ ፖለቲካን ለመማር የመጣን ሰዎች ከ2,300 ዓመት በፊት የሞተ ግሪካዊ ስለምን እናነባለን? መረጃ መተንተን ተምረን ሥራ ብንይዝ አይሻልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእንጀራ ጥያቄ ስለሆነም አልንቀውም። መልሴ የሚከተለው ነው። መረጃ መተንተንን ተማሩ፤ በደንብ ተማሩ። ነገር ግን መጠይቁን የሚያዘጋጀው ሰው «መንግሥት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ካላወቀ፣ የሚተነትነው መረጃ የሦስት ጥያቄዎች መልስ የተቀላቀለበት ነው። የፖለቲካ ፍልስፍና ኮርስ በሥርዐተ ትምህርት ክለሳ ጊዜ ቢቀነስ ወጪ የሚቆጥብ ሊመስል ይችላል። የሚቀነሰው ግን የሌሎቹ ኮርሶች መሠረት ነው።

የፍልስፍና ተማሪዎችንም አልተዋችሁም። አሪስቶትልን ታላቅ ያደረገው 158 ከተሞች እንዴት እንደሚተዳደሩ ለማወቅ የደከመ ትምህርት ቤት መመሥረቱም ጭምር ነው። ስለ ፍትሕ የምትጽፉ ከሆነ ቀበሌ ውረዱ፤ ማኅደር ግለጡ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ አንብቡ። ያንን የአቴና ታሪክ ያተረፈልን የእርሻ መዝገብ ጀርባ መሆኑን አትርሱ።

ያን ሠንጠረዥ ለተማሪዬ መለስሁለት፤ ጥያቄውንም በሦስት ከፍሎ እንደገና እንዲያዘጋጅ ነገርሁት። በሁለተኛው ዙር ሲሄድ ግን አዛውንቱን በቤታቸው አላገኛቸውም። ስለዚህ ያ 3 የየትኛው መንግሥት እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።